ከኪሎ ሜትሩ በፊት ቀያሹ፦ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በደጋና በወይና ደጋ ለምትገኙ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ በተለይም ለተፈጥሮ ሀብት የሥራ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻ በቅድሚያ በተቀየሰ መስመር እንዲመራ፣ የእርከን ቆጠራውም ከክረምት በኋላ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ የቀበሌው ሕዝብ ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ ተፋሰሱ ይወጣል። ዕቅዱ ከወረዳ የሚወርደው በኪሎ ሜትር ነው፤ ሪፖርቱም ወደ ወረዳ የሚመለሰው በኪሎ ሜትር ነው። በመካከሉ እርከኑ የሚያልፍበትን መስመር የሚያወጣው ሰው፣ ቀያሹ፣ በዕቅዱም በሪፖርቱም ውስጥ ስሙ የለም። ይህን የምንጽፈው በቀያሽ ገበሬነትና በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት እርከን የምንሠራና የምናሠራ ሰዎች ነን። ጥያቄያችን ሲጠቀለል ይህ ነው፦ ቅየሳው ሕዝቡ ከመውጣቱ በፊት ይለቅ፤ ቀያሹ ለዚህ የሚሆን ጊዜና መሣሪያ ያግኝ፤ እርከኑም የሚቆጠረው በየካቲት ሲጠናቀቅ ሳይሆን በመስከረም ቆሞ ሲገኝ ይሁን።

ለምን እንደምንል ከቁጥሩ እንጀምር። በግብርና ሚኒስቴር የሥራ መመዘኛ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን ደግሞ 250 የሰው ቀን ይፈጃል። በዚህ ሂሳብ አንድ ሰው በቀን የሚሠራው ከአፈር 6.7 ሜትር ገደማ፣ ከድንጋይ 4 ሜትር ነው። 600 ሰው የወጣበት ቀበሌ በአንድ ቀን 4 ኪሎ ሜትር የተቀየሰ መስመር ይጨርሳል ማለት ነው። ቅየሳው ግን በ10 ሜትር ገመድ ነው የሚሄደው። ለአንድ ኪሎ ሜትር 100 ጊዜ ዘንግ ማቆም፣ የውሃ ልኩ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ካስማ መምታት አለ። አንዱ ምደባ 2 ደቂቃ ቢወስድ እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ከመስመር ወደ መስመር መውረዱ፣ ተዳፋቱን መለካቱ፣ ከባለ ማሳው ጋር የሚደረገው ክርክር ሲታከልበት ሦስት ሰው ያለበት አንድ ቡድን በቀን ከ2 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በአንድ ገመድ ዘመቻ የከፈተ ቀበሌ ሕዝቡ በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ቀያሹን ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በዓይን ግምት ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ዝም ብሎ አይቆምማ።

በዓይን የወጣ መስመር ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ አንድ ማሳ ላይ እናስላው። ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው እንበል፤ በሁለት እርከኖች መካከል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ብንይዝ ርቀታቸው 10 ሜትር ይሆናል። እርከኑ 60 ሜትር ርዝመት ካለው ከላዩ ያለው መሬት 600 ካሬ ሜትር ነው። 50 ሚሊ ሜትር የሚሆን ከባድ ዝናብ ቢወርድ በዚህ ቁራጭ ላይ ያረፈው ውሃ 30 ሜትር ኩብ ነው፤ ግማሹ እንኳ ቢሰርግ 15 ሜትር ኩብ ወደ እርከኑ ይመጣል። ከእርከኑ ቁልል በላይ በኩል የሚቆፈረው፣ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቦይ በ60 ሜትር ርዝመቱ 18 ሜትር ኩብ ይይዛል። ይበቃል፣ መስመሩ ልክ ከሆነ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ግን፣ ይህም ግማሽ በመቶ ብቻ ነው፣ ዝቅ ባለው ጫፍ ቦዩ ሲሞላ ከፍ ባለው ጫፍ ያለው ውሃ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። አማካዩ 35 ይሆንና ቦዩ የሚይዘው 12.6 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። የተረፈው ሁሉ ዝቅ ያለውን ጫፍ ይገፋል። የአፈሩ ቁልል ለጥቂት ጊዜ ይይዘው ይሆናል፤ ከተደረመሰ ግን የሁለት ማሳ ውሃ ባንድነት ታችኛውን እርከን ያገኘዋል። አስር እርከን በአንድ ሌሊት በአንድ መስመር ተሰንጥቆ ሲታይ ብዙ ጊዜ ሰበቡ የዝናቡ ብዛት ይባላል። ሰበቡ ላይኛው ገመድ ነው።

የቀያሽ ዕቃ ርካሽ ነው፤ የሚናቀውም ለዚህ ይመስለናል። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ ብዙ የማይለጠጥ የናይሎን ሲባጎ፣ በመካከሉ የሚንጠለጠል ትንሽ የውሃ ልክ፣ ካስማና መዶሻ። በሁለቱ ዘንጎች ላይ በእኩል ከፍታ ምልክት ይደረግና ገመዱ እዚያ ይታሰራል፤ አረፋው መሐል ሲገባ የዘንጎቹ እግር በአንድ ልክ ላይ ነው። ተዳፋት ለመለካት ደግሞ የታችኛው ዘንግ ላይ ገመዱ ልክ እስኪሆን ድረስ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ በ10 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከወጣ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው።

ቀላል ቢሆንም የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የውሃ ልኩ የተንጠለጠለባቸው ሁለት ማያያዣዎች ትንሽ ከታጠፉ አረፋው ይዋሻል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዘንጎቹን ሳያንቀሳቅሱ ልኩን ግራና ቀኙን አዙሮ በዚያው ነጥብ መስቀል። አረፋው በፊት ወደነበረበት ካልተመለሰ ማያያዣው ይቃናል፤ ካልቃና ይጣላል። ይህ በየጠዋቱ አንድ ጊዜ መደረግ አለበት። ልኩ የሚሰቀለው በትክክል 5 ሜትር ላይ ነው፤ ገመድ ምንም ቢወጠር መሐሉ ይረግባልና ልኩ ከመሐል በወጣ ቁጥር ያዘነብላል። ሲባጎው በሳምንት ውስጥ ስለሚለጠጥ መሐሉ ላይ ያለው ቋጠሮ እንደገና ይለካ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ አረፋው አይረጋም፤ ጠዋት ቢሠራ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘንግ እግር። ዘንግ ያዡ በታረሰ ማሳ ላይ ሲሄድ ዘንጉን አንድ ጊዜ ጓል ላይ፣ አንድ ጊዜ ትልም ውስጥ ያቆመዋል። የ5 ሴንቲ ሜትር ጓል በ10 ሜትር ገመድ ላይ ግማሽ በመቶ ስሕተት ነው፤ ቀደም ሲል ቦዩን ያስሞላው ያው ግማሽ በመቶ። ዘንግ ያዡ ከቀያሹ እኩል መሠልጠን ያለበት ለዚህ ነው። ብዙ ቦታ ግን እዚያው የተገኘ ልጅ ይይዘዋል።

ሌላም አለ። አንዱ ዘንግ ከሌላው 1 ሴንቲ ሜትር ቢያጥርና ሁልጊዜ እሱ ከፊት ቢሄድ ስሕተቱ በየምደባው ይደመራል፤ በ60 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የኋላውን ዘንግ ወደ ፊት እያሳለፉ መሄድ ይህን ያጠፋዋል፤ አንዱ ምደባ የጨመረውን ሌላው ይቀንሰዋልና። መስመሩ ካበቃ በኋላ ካስማዎቹ እባብ እንደሄደበት ይጠማዘዛሉ፤ ለበሬ እንዲመች ማቃናት ደንብ ነው። ማቃናቱ ግን ልክ አለው። በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ ካስማን ግማሽ ሜትር ወደ ታች ማውረድ መስመሩን 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጋል። መስመሩ ትንሽ ሰርጥ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ካስማው ሊቃና የግድ ከሆነ እዚያ ላይ ቁልሉ ከፍ ብሎ በድንጋይ ይደገፍ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ወደ ቁፋሮው ስንመጣ መጠኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚጎድለው ትርጉሙ ነው። የአፈር እርከን ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚባለው ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው። በጥር የሚቆፈረው አፈር ደረቅ ጓል ነው፤ ጓል በጓል ላይ ተከምሮ 60 ሲለካ ውስጡ ክፍተት ነውና በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ይሰምጣል። ጓሉ በዶማ ጀርባ እየተሰበረ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በእግር እየተረገጠ መነሳት አለበት። ግርጌው ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ አናቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ አፈሩ ልል ከሆነ ሁለቱም ይሰፋሉ። በቦዩና በቁልሉ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ያልተቆፈረ ትከሻ ይቀራል። ትከሻው ሲረሳ ቁልሉ መልሶ ቦዩ ውስጥ ይወድቃል። በቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ሳይቆፈር የሚተው ማገጃ ደግሞ የቀያሹን ጥቃቅን ስሕተት ይሸፍናል፤ ውሃው እስከ መጨረሻው ጫፍ እንዳይሮጥ ያደርጋል። በዘመቻ ጊዜ ግን ቦዩ አንድ ወጥ ሆኖ ሲታይ ያምራልና ማገጃው ይፈርሳል፤ ይህን «ጥራት» ብሎ ያመሰገነ ሱፐርቫይዘርም አይጠፋም።

ፋንያ ጁ የሚባለው ዓይነት አፈሩ ከታች ተቆፍሮ ወደ ላይ ነው የሚወረወረው፤ ድካሙ ይበልጣል፣ ግን ወደ ደረጃ መሬት ቶሎ ይለወጣል። የድካም ልዩነቱን ሳያሳውቁ ሕዝቡን ወደዚህ ማሰማራት ውጤቱ ከላይም ከታችም የተቆፈረ፣ የምን ዓይነት እንደሆነ የማይታወቅ እርከን ነው። የድንጋይ እርከን ላይ የምናየው ዋና ጉድለት መሠረት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተቆፍሮ፣ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ተቀምጦ፣ ፊቱ ትንሽ ወደ ተራራው ዘንበል ብሎ መነሳት ሲገባው በሳሩ ላይ ይደረደራል። በባሬላ ድንጋይ ያመላለሰ ሰው ድካም በአንድ ክረምት ይንሸራተታል። ገበሬው «የአይጥ ቤት ሠራችሁልኝ» የሚለውም ያለምክንያት አይደለም፤ ክፍተቱ በጠጠርና በአፈር ካልተሞላ አይጥ ይገባበታል፤ እህሉንም ይበላል።

ሁሉም ቦታ ልክ ያለ፣ ማለትም ወደ ጎን ሳይወርድ ውሃ የሚያቆም እርከን አይሠራም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና በመረሬ (ጥቁር ጭቃማ) መሬት ላይ ውሃን ማቆም ራሱ ጥፋት ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ቁልሉን ከሥር ይበሳዋል። በኋላ ደግሞ ያብጥና ውሃ አያሳልፍም፤ ጤፉ ወይም ስንዴው በቦዩ ጎን ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ከዕቅዱ በፊትም ይህን ስለሚያውቅ ነው በማሳው ላይ ፈሰስ፣ ማለትም ውሃ ማውጫ ትልም፣ የሚያወጣው። ፈሰሱን «ባህላዊ ጎጂ ልማድ» ብሎ መከልከል አያዋጣም። የሚያዋጣው ውሃውን ቀስ ብሎ የሚያወጣ፣ በ10 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወርድ እርከን ቀይሶ ፈሰሱን በእሱ መተካት ነው። ለዚህ ግን መውጫ ያስፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ ከእርከኑ ቢያንስ አንድ ክረምት ቀድሞ ተቆፍሮ ሣር የለበሰ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ዘመቻው አብዝቶ የሚሳሳተው። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚመልስ መቀልበሻ ቦይ በዘመቻው 30 ቀን ውስጥ ይቆፈራል፣ ጫፉ የሰው ማሳ ራስ ላይ ይተዋል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያ አዲስ ቦረቦር ይኖራል፤ ሁለት ጎረቤቶችም ሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ።

ስለ ቦረቦር ብዙ አንልም፤ ከላይ ያለው መሬት ሳይታከም የሚሠራ ክትር (ቦረቦሩን የሚያቋርጥ ግድብ) ገንዘብ መጣል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ቦረቦር ፎቶ ስለሚያምር መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። የድንጋይ ክትር ሦስት ነገር ከጎደለው አይቆምም፦ መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ያለ የውሃ ማሳለፊያ፣ በሁለቱም ወገን ወደ ግድግዳው ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የገባ ክንፍ፣ ከታች ውሃው የሚወድቅበት የድንጋይ ንጣፍ። አናቱ ቀጥ ብሎ ከተደረደረ ውሃው ጎን ጎኑን ይቆርጥና ክትሩን ደሴት አድርጎት ይሄዳል። ርቀቱ ደግሞ የክትሩ ቁመት በ1.2 ተባዝቶ ለቦረቦሩ ተዳፋት ይካፈላል፤ 1 ሜትር ቁመት፣ 10 በመቶ ተዳፋት ከሆነ 12 ሜትር ነው። በ40 ሜትር ልዩነት የቆሙ ክትሮች በመካከላቸው ያለው ወለል መቆፈሩን ይቀጥላል፣ የላይኛውም ከሥሩ ይነቀላል። ድንጋይ የሚታጨቅበት የጋቢዮን ሽቦ ደግሞ ክንፍና ንጣፍን አይተካም፤ ውድ ስለሆነ ብቻ ውሃ አያከብረውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ማን ነው? በየቀበሌው ከአሥር የማይበልጡ ቀያሽ ገበሬዎች አሉ፤ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ አለ፤ የተፋሰስ ኮሚቴ አለ። የልማት ሠራተኛው በዚሁ በጥር ወር የማዳበሪያ ፍላጎት ይመዘግባል፣ የብድር አመላለስ ይጠየቃል፣ ስብሰባ ይጠራል። ስለዚህ ሥራው በእውነት ቀያሹ ላይ ይወድቃል። ቀያሹ አበል የለውም። ሕዝቡ 30 ቀን ከሠራ እሱ ቅየሳውን ቀድሞ ስለሚጀምር ከዚያ በላይ ይወጣል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቀይሶ ሲያበቃ እንደማንኛውም ሰው የሜትር ድርሻውን እንዲቆፍር ይጠየቃል። የራሱ አውድማ ያልተወቃበት ቀያሽ ገመድ ይዞ ኮረብታ ሲወጣ ቤተሰቡ ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም። ለሁለት ዓመት ከቀየሱት ውስጥ በሦስተኛው የማይመለሱት ብዙዎች ናቸው፤ ወረዳውም እንደገና አዲስ ሰው ለሦስት ቀን ያሠለጥናል።

ከድካሙ የሚብሰው ግን የመስመሩ ፖለቲካ ነው። የማሳ ወሰን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እርከን ግን ወሰኑን ያቋርጣል። ግርጌው፣ ትከሻውና ቦዩ ሲደመሩ ወደ 2 ሜትር ይወስዳሉ። በየ10 ሜትሩ እርከን ባለበት ማሳ ይህ የመሬቱ አንድ አምስተኛ ነው። ግማሽ ጥማድ ላላት ሴት ይህ የወር ቀለብ ነው። «መስመሩን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ»፣ «ከድንበሬ ላይ አሳልፍልኝ» የሚለው ልመና ከዚህ የመጣ ነው። የሚለምነው ደግሞ አጎት ነው፣ የንስሐ አባት ነው፣ የዕድር ዳኛ ነው። ቀያሹ ካስማውን ካነሳ መስመሩ ይበላሻል፤ ካላነሳ ቂም ይያዛል። ከዚህ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመስመሩ ውሳኔ የእሱ የግል እንዳልሆነ በቀበሌው ፊት አስቀድሞ መታወቁ። ካስማ የነቀለ ሰው ጉዳይ ለተፋሰስ ኮሚቴው እንጂ ለቀያሹ እንዳይቀርብ በውስጠ ደንብ ይጻፍ። ከተቻለ ደግሞ ቀያሹ በገዛ ጎጡ ሳይሆን በጎረቤት ጎጥ ይቀይስ፤ ይህን የሞከሩ ቀበሌዎች ክርክሩ በግማሽ ቀለለላቸው ይላሉ፣ እኛም እናምናቸዋለን።

መሬቱ ለምን እንደሚወሰድበት ገበሬውን የሚያሳምነው ንግግር አይደለም፤ እርከኑ ላይ የሚበቅለው ነው። ከጋሞ ጨንቻ የተስፋፋው ደሾ ሣር፣ በሞቃቱ ወይና ደጋ ዝሆኔ ሣር፣ ሰስፓኒያና የርግብ አተር፣ በደጋው ትሪሉሰርን እርከኑ ላይ ከተተከሉ የተወሰደው 2 ሜትር መኖ ሆኖ ይመለሳል። የደሾ ግንጥል ዝናቡ በደንብ ከያዘ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ በቁልሉ ላይ ይተከላል። እዚህም የሚበላሸው ሰዓቱ ነው፦ ግንጥሉ በዘመቻው መዝጊያ ተሰራጭቶ ይደርቃል፣ አልያም የችግኝ ጣቢያው መኪና የሚገኘው በነሐሴ ማለቂያ ነው። የተተከለውም ቢሆን መስቀል አልፎ አዝመራ ሲነሳ ከብት ይለቀቅበታል። ልቅ ግጦሽ ያልታገደበት ተፋሰስ ላይ የተሠራ የአፈር እርከን በሁለት በጋ በሰኮና ይደለደላል። ከብቱ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው፤ ከንክኪ ነጻ የተደረገው ኮረብታ ሣሩ ታጭዶ ለማን በምን ተራ እንደሚደርስ ሳይወሰን ማገድ ሌሊት ከብት ማስገባትን ያስተምራል። አዋጅ ቁጥር 1223/2012 የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል። የማጨድ ተራ፣ የቅጣት መጠን፣ የጥገና ግዴታ የሚጻፍበት ቦታ ያ ነው፤ በብዙ ቀበሌ ግን ማኅበሩ ማኅተም እንጂ ደንብ የለውም።

አሁን ወደ ቆጠራው። በአንዳንድ ቦታ ሪፖርት የሚደረገው ኪሎ ሜትር በሜትር የተለካ አይደለም። የወጣው ሰው በቀኑ ይባዛል፣ ለ150 ይካፈላል፣ ውጤቱ «የተሠራ» ተብሎ ይላካል። 600 ሰው ለ30 ቀን ማለት 18,000 የሰው ቀን፣ ማለትም 120 ኪሎ ሜትር። ማንም ገመድ አልዘረጋበትም። ባለፈው ዓመት የፈረሰውን መልሶ ማንሳትም ጥገና ሳይሆን አዲስ ሥራ ተብሎ ይገባል፤ ጥገና ለወረዳው ነጥብ ስለማያስገኝ። በዚህ አካሄድ የአንዳንድ ቀበሌ ድምር እርከን ከቀበሌው መሬት በላይ ሊሆን ይችላል፤ የየዓመቱን ሪፖርት ደምሮ ለመሬቱ ስፋት ያካፈለ ባለሙያ ይህን ራሱ ያገኘዋል።

የመስከረም ቆጠራ ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ተፋሰስ ከሃያ እርከን አንዱ በዕጣ ይመረጥ። አንድ ዘንግ፣ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሰው ይበቃል። የሚጠየቀው አምስት ነገር ነው፦ ቁልሉ በሦስት ቦታ ሲለካ ቁመቱ ስንት ነው? ተሰብሯል ወይ፣ የት ላይ? ቦዩ በደለል የሞላው ምን ያህል ነው? ማገጃው አለ ወይ? ሣር ይዟል ወይ? የተሰበረበት ቦታ ጫፍ ከሆነ ስሕተቱ የቅየሳ ነው፤ መሐል ሰርጥ ላይ ከሆነ ያለመደገፍ ነው፤ ዝርዝር ቀዳዳ ካለው ያለመጠቅጠቅ ነው። እንዲህ የተሠራ ቆጠራ ለሚቀጥለው ዓመት ሥልጠና ይሆናል፤ የኪሎ ሜትር ድምር ግን ለማንም ምንም አያስተምርም። ቦዩን የሞላው ደለል ደግሞ የውድቀት ምልክት አይደለም፤ ከማሳው ሊሄድ የነበረ አፈር ነው። ተጠርጎ ቁልሉ ላይ ይነሳል፣ እርከኑም በየዓመቱ እንዲህ ከፍ እያለ ነው ደረጃ መሬት የሚሆነው። ኮንሶዎች ደረጃቸውን በትውልድ ቅብብሎሽ የጠበቁት በጥገና ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ አንድ ዘመቻ የሠራው አይደለም።

በ1970ዎቹ በእህል ለሥራ የተሠራው እርከን በብዙ ቦታ በ1983 ዓ.ም. በሠራው በዚያው ገበሬ እጅ ፈረሰ። የተሠራው በትእዛዝ ስለነበረ ትእዛዙ ሲነሳ እርከኑም ተነሳ። በዚያው ዘመን ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በማይባር፣ በአንዲት ጥድና በአንጀኒ የተከፈቱት የምርምር ጣቢያዎች በየዝናቡ የሚሄደውን አፈር በመዝገብ ይለኩ ነበር። የፕሮግራሙ መሪ ሃንስ ሁርኒ ያኔ ያወጣው ግምት በታረሰ ደጋ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ 42 ቶን በሄክታር ነው፤ ይህም ከየማሳው በየዓመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አፈር ማለት ነው። ያ ልኬት ዛሬም የሚጠቀሰው በየዝናቡ ወጥቶ የጎርፉን ናሙና የሚቀዳና የሚመዘግብ ሰው ስለነበረው ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀውን በጊዜው ቅደም ተከተል እናስቀምጥ። በኅዳር፣ እህሉ ከማሳ ሲነሳ፣ ለእያንዳንዱ 300 ተሳታፊ ቢያንስ አንድ የቅየሳ ቡድን ይመደብ፤ ቡድኑ ሦስት ሰው ይሁን፣ አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ በሴት የሚመሩ አባወራዎች ማሳ ላይ ያለው ንግግር ይቀላል። ሥልጠናው የክፍል ውስጥ ሳይሆን አምና በተሰበረ እርከን ላይ ይሰጥ። ለየቡድኑ ሁለት የውሃ ልክ፣ አንዱ መጠባበቂያ፣ 25 ሜትር ሲባጎ፣ የ5 ሜትር መለኪያ፣ መዶሻና ካስማ ይገዛ፤ ለአንድ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ባነር የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ቡድን ይበቃል። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥምቀት ከተፋሰሱ አናት ተጀምሮ ቢያንስ የ10 ቀን ሥራ የሚሆን መስመር ይውጣ። የቀያሹ የቅየሳ ቀን እንደ ሕዝብ ተሳትፎ ቀኑ ይቆጠርለት፤ የራሱን ማሳ እርከን የጎጡ ቡድን ይሥራለት። ነፍሰ ጡሮችና አቅመ ደካሞች ከሜትር ድርሻ ነጻ ይሁኑ፤ ድርሻቸው ተቆጥሮ በስማቸው የሚጻፈው ሜትር ከሐሰት ሪፖርቶች ሁሉ አንደኛው ነው።

በሰኔ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናቦች በኋላ፣ ከዘመቻው ቀናት 3ቱ ለጥገና ተቀንሰው ይቆዩ። 30 ቀን በበጋ ከምንሠራ 27 በበጋ፣ 3 በሰኔ ብንሠራ እንመርጣለን፤ እርከን የት እንደሚሰበር የሚያሳየው ውሃው ራሱ ነው፣ የዚያኔ አንድ ሰው በአካፋ የሚደፍነውን ቀዳዳ በነሐሴ መንደር አይደፍነውም። ዕቅዱ ከላይ የወረደባችሁ መሆኑን እናውቃለን፤ ኪሎ ሜትሩን መቀነስ በእናንተ እጅ ላይሆን ይችላል። ቅየሳውን ማስቀደም፣ የሰኔውን ጥገና በሪፖርት ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር፣ የመስከረሙን ናሙና መለካት ግን ከወረዳ አቅም አያልፍም።

የቅየሳ ቡድኖችን ለማሠልጠን፣ ለመስከረም ልኬት አብሮ ለመውጣትም ፈቃደኞች ነን። መልሳችሁን ኅዳር ሳይገባ፣ የበጋው የሥራ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ብታሳውቁን እንወዳለን።

ከሰላምታ ጋር

ቀያሽ ገበሬዎችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች
ለተፋሰስ ኮሚቴዎችና ለተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበራት
ለችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎች